በሁዳዴ ሥጋ የያዘ እጅ

የካቲት 15 ቀን 1947 ዓ.ም.

ይህ ደብተር የተሰጠኝ የዓሣ ነገር እንድጽፍበት ነው። ከፊት በኩል እሱን እጽፋለሁ፤ ማን በላ፣ ማን እምቢ አለ፣ ውኃው መቼ ተለወጠ። ከኋላ በኩል ግን የራሴን እጽፋለሁ። ዓሣውን የሚያጠናው ፈረንጅ አለቃዬ ሚስተር ሊንድ አማርኛ ይሞክራል እንጂ አያነብም። ባለቤቴ ባንቺአየሁ ፊደል አልቆጠረችም። ልጄ ትርንጎ ደግሞ የአባቷን ደብተር የምትገልጥ አይደለችም።

እዚህ ጎንደር ጣሊያን ትቶት በሄደው ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት የመስታወት ገንዳዎች አሉ። በገንዳዎቹ ከጣና የመጡ ሰባት ዓሦች አሉ፤ ትልቁ መሐል ጣቴን አያክልም። ዓሣ የሚበላ ዘር ናቸው። የሚንቀሳቀስ ነገር ካላዩ አፋቸውን አይከፍቱም። እስከ ዛሬ ከቀሃ ወንዝ በወንፊት ያጠለልኩትን ደቃቅ ዓሣ እየሰጠሁ አቆየኋቸው። ቀሃ ግን እየደረቀ ነው።

ሚስተር ሊንድ ትናንት አዲስ አበባ ሄደ። የሚመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። ትእዛዙ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የሞተ ደቃቅ ዓሣ፣ ቀጥሎ የሥጋ ቁራጭ፣ በመጨረሻ ጉበትና የበሬ ልብ ተፈጭቶ በዱቄት የተለወሰ። እሱን ከእጄ ከበሉ በሚመጣው ዓመት ለትርኢት አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ እኔም አብሬ። ካልበሉ ክፍሉ ይዘጋል።

ሥጋ አስፈጭ ያለኝ ሁዳዴ በገባበት ዕለት ነው። የፈረንጅ ነገር!

ሌላው ጉዳይ ሸጋ ነው። የትርንጎ ሠርግ ለግንቦት ተቆርጧል፤ ለደንቢያ፣ ለኮላ ድባው ለአለቃ ዳኛው ልጅ ነው። ጨዋ ቤት፣ የቤተ ክህነት ዘር። በድሮ ዲያቆንነቴ፣ በጾሜና በጸሎቴ ነው የመረጡኝ።

የካቲት 18

የሞተ ደቃቅ ዓሣ ሰጠሁ። አንዱም አልነካ። ታች ወርዶ ሸተተ። ውኃ ስለውጥ ዋልኩ። ቄራ ዝግ ነው፤ ክርስቲያን እስከ ፋሲካ አያርድም። ሥጋ ከየት?

የካቲት 22

አዲስ ዓለም ወረድኩ፤ ወደ እስላሞቹ ሰፈር። ሥጋ ሻጩን ዐብዱረሕማንን ከልጅነት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«አያ አድማሴ! ምነው፣ መንገድ ጠፋህ?»

«ሥጋ ፈልጌ ነው። ጉበትና ልብ።»

«በሁዳዴ?»

«ለዓሣ ነው።»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ዓሦቹ እስላም ናቸው ክርስቲያን?»

«ገና አልተጠመቁም።»

«ዕድሜ ልካቸውን ውኃ ውስጥ ኖረው?»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «አያ አድማሴ፣ እኔ ሥጋ ሻጭ ነኝ፣ እሸጥልሃለሁ። ግን የእናንተን ነገር ታውቃለህ፤ የኛን ሥጋ የቀመሰ ሃይማኖቱን ለወጠ ነው የምትሉት። የኛዎቹም እንደዚያው ናቸው። በግላጭ አትያዘው» አለኝ። በቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ከጋቢዬ ሥር ያዝኩት። ጎረቤታችን ሸዋአየሁ መንገድ ላይ አገኘችኝ። «ጋቢህ ምነው ደማ?» አለች። አየሁት፤ እውነትም ቀልቷል። «መድኃኒት ነው» አልኩ። በጾም ዋሸሁ። ለዓሣ ብዬ ዋሸሁ።

የካቲት 27፣ ምኩራብ እሑድ

ባንቺአየሁ እጄን በአመድ ሳታሳሽ ሞሰብ አታስነካኝም። «አንተ ሰው፣ ይህን እጅ ይዘህ ቤተ ክርስቲያን ትገባለህ?» አለችኝ። እገባለሁ፤ ግን ከኋላ እቆማለሁ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ባዶ ሆዴን ጉበት ስቆራርጥ አፌ ምራቅ ሞላ። ይቅር በለኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ጾም አልሻርኩም። ጉበት ግን ጉበት ነው።

ሰባቱም እንደ ጨከኑ ናቸው። ቁራጩ በአጠገባቸው ሲወርድ ዞር ይላሉ።

ትርንጎ ለጾሙ በርትታለች። እኔ በዘጠኝ ስፈታ እሷ እስከ ማታ ትቆያለች፤ ከዚያም ሁለት ጉርሻ ብቻ። አለቃ ዳኛው ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።

መጋቢት 3

በሉ! ሦስቱ በሉ!

እንዲህ ነው የሆነው። ባለፈው ረቡዕ ምንም አልሰጠኋቸውም፣ ትናንት ዓርብም እንዲሁ። ሚስተር ሊንድ አላዘዘም፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። እኔ ስጾም በጾም ቀን ሥጋ የማበላው ፍጥረት ሊኖር አይገባም ብዬ ነው። ዛሬ ጠዋት ትርንጎ ውኃ ልታመላልስልኝ መጣች። ሥጋውን በልብስ ስፌት ክር አሰረችና በሰንበሌጥ ጫፍ እያወዛወዘች ውኃው ውስጥ አስሄደችው፤ ልክ ሕያው ዓሣ አስመሰለችው። ትልቁ፣ ግራጌታ ያልኩት፣ ተወርውሮ ዋጠ። ሁለቱ ተከተሉት።

ርኃብና ክር። ይኸው ነው ጥበቡ። ሚስተር ሊንድ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም።

«አባ፣ የማይበሉትስ?» አለች።

«ይራባሉ፣ ከዚያ ይበላሉ።»

«ባይበሉስ?»

«ይበላሉ አልኩሽ።»

መጋቢት 5፣ አቦ

አንዱ ሞተ፤ ቀኝጌታ። ርኃቡን አብዝቼበት ይሆን? ስድስት ቀሩ።

ትርንጎ ከጓሮው ቀበረችው። ዓሣ ይቀበራል ወይ ብዬ ተቆጣኋት። አንዷን ትንሽ፣ ሥጋ ባየች ቁጥር ድንጋይ ሥር የምትገባውን፣ «እምቢተኛዋ» ብላታለች። ከዚያ ከገንዳው ዓይኗን ሳታነሣ «አየለችም መጨረሻ ላይ እንዲህ አፏን ገጥማ ነበር?» አለችኝ።

አየለች ታላቅ እኅቷ ናት። ደንቢያ ድረናት በ46 መግቢያ በወባው ጊዜ ሞታለች።

ወሬ አቁሚ አልኳት። ውኃውን ለወጥኩ። ትናንት ተለውጦ ነበር፣ እንደገና ለወጥኩት።

መጋቢት 10

ጉበት ስቆርጥ አውራ ጣቴን ቆረጥኩት። ትርንጎ ብቻ ነበረች። ሳቀች። ከገና ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

አፌን ደጋግሜ ተጉመጠመጥኩ። ለምን እንደሆነ አልጽፍም።

አራት ይበላሉ። እምቢተኛዋና አንዱ አይበሉም።

መጋቢት 15

ማኅበር ላይ ስገባ ወሬው ቆመ። «ስለ ዝናብ ነው የምናወራው» አሉኝ። በመጋቢት! ጽዋው ሲዞር ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ቀድሞኝ ጠጣና ለሌላ አቀበለ። የረሳው መስሎኝ ጠበቅሁ። አልተመለሰም።

መጋቢት 16

ባንቺአየሁ ከውኃ ስትመለስ ማድጋዋን ሳታወርድ ጀመረችኝ።

«አገር የሚያወራውን ሰማህ? አድማሴ የእስላም ሥጋ በላ ነው የሚባለው! ከሸዋአየሁ አፍ ነው የሰማሁት። ዘመዶቿ ያሉት ኮላ ድባ ነው፤ እስካሁን ደርሷል በለው!»

«ዓሣ ነው የማበላው!»

«ዓሣ ይመስክርልህ እንግዲያ!»

ትርንጎ ምጣዱ አጠገብ ነበረች። ቀና አላለችም። ፈርታ ነው፣ ምስኪን። የአባቷ ስም ሲጠፋ የምትሰማ ልጅ ምን ትላለች?

ሸዋአየሁ ያየችው የደማ ጋቢ ነው። ከደማ ጋቢ ይህን ሁሉ ሠራች። የሴት ምላስ!

መጋቢት 20

ከኮላ ድባ በነጋዴ እጅ ደብዳቤ መጣ። የአለቃ ዳኛው እጅ ጽሕፈት ሸጋ ነው፤ ቃሉ ግን እሬት።

«ወዳጄ አድማሴ፣ በዐቢይ ጾም፣ እስላም ያረደውን ጉበት ስትቆርጥ አውራ ጣትህን አፍህ ውስጥ ከትተህ ስትመጥ ታየህ የሚል ወሬ ደርሶናል። እኔ አላመንኩም። ቤተሰቤ ግን አምኗል። ለሆሣዕና ዋዜማ ጎንደር እመጣለሁ። በሽማግሌ ፊት መስቀል ይዘህ አልበላሁም ብለህ ማል፤ ሠርጉ ይቀጥላል። ካልማልክ እንለያያለን።»

አሁን ልጻፈው። ጣቴ ሲደማ ሳላስበው አፌ ከተትኩት። ጉበት ነበረበት። ያን ጊዜውኑ ተፋሁት፤ ሰባት ጊዜ ተጉመጠመጥኩ። አልዋጥኩም። በእግዚአብሔር ስም አልዋጥኩም።

ግን ማን አየኝ? ሸዋአየሁ በመስኮት አይታ ይሆናል። መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ነው። መሰላል ይዛ ይሆናል። ከዚያች ሴትዮ ምን ይጠፋል?

መጋቢት 22

ስለ መሰላሉ አሰብኩ። እዚያ አካባቢ መሰላል ያለው ሰው የለም።

ክሩ ቀርቷል፤ የተለወሰውን ምግብ ጀመርኩ። ግራጌታ ከጣቴ ጫፍ ወሰደ። ጣቴን ውኃ ውስጥ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

መጋቢት 24

የንስሐ አባቴን መምሬ ክንዱን አገኘኋቸው። የጣቱን ነገር ተናዘዝኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ዋጥህ?»

«አልዋጥኩም አባቴ።»

«እንግዲያስ አልበላህም። ሂድ፣ ማል። እውነት ስለሆነ መሐላው አይከብድህም። ከማን ጋር ነበርክ?»

«ብቻዬን።»

ለንስሐ አባቴ ዋሸሁ። ለምን ዋሸሁ? መዋሸቴን ያወቅሁት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

መጋቢት 28

ዛሬ ሁሉንም እጽፋለሁ።

አምስቱ ከእጄ ይበላሉ። እምቢተኛዋ አትበላም። ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጭንቅላቷ ከሰውነቷ በልጧል። ትርንጎ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ሰንበሌጡን ታወዛውዛለች። እጅጌዋ ወደ ላይ ሸሸና ክንዷን አየሁት። አንጓዋ ላይ አጥንቱ ወጥቷል። ለሠርጓ ያሰፋንላት ቀሚስ እንደሰፋት ባንቺአየሁ ከነገረችኝ ሁለት ሳምንት ሆኗል፤ ሰፊው ነው ያበላሸው ብዬ ሰፊውን ሰድቤያለሁ።

ስድስት ዓሦች በቀን ስንት ጊዜ አፋቸውን እንደሚከፍቱ በደብተር ጽፌያለሁ። የልጄን አንድ ቀን አልጻፍኩም።

«ትርንጎ፣ ለሸዋአየሁ የነገርሽው አንቺ ነሽ?» አልኳት።

ሰንበሌጡን አስቀመጠች። አልካደችም። «አዎ አባ።»

እጄን አነሣሁ። አልመታኋትም፤ ግን አነሣሁ፣ እሷም አየች።

«ስሜን ገደልሽው! አባትሽን ከሃይማኖቱ አስወጣሽው! ቆላ አልሄድም ማለት አፍሽ አልችል አለ?»

«ብልህ ትሰማኝ ነበር?» አለች።  «አየለች አላለችም? እግርህን ይዛ እኮ ነው ያለችው። "ቆላው ይገድለኛል አባ" አለች። ለጨዋ ቤት ነው የምሰጥሽ አልካት። እኔ ያን ጊዜ በሩ ሥር ነበርኩ። አንተ ዘንድ ከልጅህ ቃል የሰው ወሬ እንደሚበልጥ አውቄ ነው ለሰው ወሬ የሰጠሁህ።»

ያነሣሁትን እጄን አወረድኩ። 

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ባንቺአየሁም አታውቅም። አየለች ስትታመም ከደንቢያ መልእክተኛ መጣ። «እህል እምቢ ብላለች፣ ቶሎ ድረስ» አለኝ። ያን ሰሞን የደብሩ በዓል ነበር። እኔ ማኅሌት አስተናጋጅ ነበርኩ፤ አድማሴ ባይኖር ምን ይባላል አልኩ። ሦስት ቀን ቆየሁ። ስደርስ አስከሬኗን ታጥቦ፣ ተከፍኖ አገኘሁት። በከፈኑ ላይ በአፏ በኩል ብቻ ሳምኳት።

እና ታናሿን ለዚያው አገር ቆርጬ ሰጠሁ። ለምን? አለቃ ዳኛው ሲጠይቁኝ አገር ሁሉ እያየኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መጋቢት 29

 ትርንጎ በልታ ይሁን አይሁን አላየሁም። ሳላይ ወጣሁ፤ አሁንም ሳላይ!

ሚያዝያ 1፣ የሆሣዕና ዋዜማ

ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተሰበሰብን። አለቃ ዳኛው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ፤ ከእኛ ወገን መምሬ ክንዱ መስቀል ይዘው ተቀመጡ። ሸዋአየሁ ከሴቶቹ ጋር አጥሩ ሥር ነበረች። ባንቺአየሁ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ መጥታለች፤ ዛሬ ስሜ የሚታጠብ መስሏታል።

አለቃ ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም። «ወዳጄ፣ አታድክመን፤ አልበላሁም በልና መስቀሉን ሳም። ከዚያ ስለ ድግሱ እንጫወት» አሉኝ።

መምሬ ክንዱ መስቀሉን ዘረጉልኝ። ዓይናቸው «በል» ይለኛል። እውነቱን ያውቃሉ። አንድ ቃል ነበር። ብናገረው እንደ ወርቅ ጠርቼ፣ ልጄን በበቅሎ አስጭኜ፣ ደንቢያ እልክ ነበር።

«አልምልም» አልኩ።

«ምን?»

«አልምልም አልኩ።»

«እንግዲያስ በልተሃል?»

ዝም አልኩ። በልቻለሁ አላልኩም፤ እሱ ውሸት ነው። አልበላሁምም አላልኩም። አለቃ ዳኛው ቀስ ብለው ተነሡ። ኀዘናቸው እውነት ነበር። «አድማሴ፣ አንተን እንኳ ለዚህ አላጭህም ነበር» አሉና ወጡ። አንደኛው ሽማግሌ ባጠገቤ ሲያልፍ የጋቢውን ጫፍ ሰብሰብ አደረገ።

ባንቺአየሁ እስከ ቤት እያለቀሰች ከኋላዬ ሄደች። «ምላስህን ምን ያዘው? ምን ያዘው አንተ ሰው?» ትላለች። ምን ልበላት? አንድ ቀን ትርንጎ ራሷ ትንገራት።

መምሬ ክንዱ ለብቻዬ ጠሩኝ። «እንደ በላ ሰው ቄደር ይደገምልሃል፣ በውኃውም ትጠመቃለህ። ሳትበላ እንደ ከሃዲ ስትጠመቅ አገር ያያል። ትችለዋለህ?» አሉኝ።

«እችለዋለሁ።»

«ያን ቀን ብቻህን አልነበርክም ማለት ነው» አሉ። እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩና ሌላ አልጠየቁኝም።

ሚያዝያ 4

ማኅበርተኞቹ ሰው ልከው የእኔን ተራ ለሌላ እንደ ሰጡ ነገሩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠጣሁበት ጽዋ ነው። አለቀስኩ፤ ይጻፍ።

ዐብዱረሕማን ጉበቱን ራሱ ክፍሉ ድረስ አመጣልኝ። «ሥጋዬን ሳትቀምስ ስሙን ተሸከምክ» አለኝ። «እኔ ልምጣና ልመስክርልህ? ለዓሣ ነው ልበል?»

«ዐብዱ፣ ተወው።»

«የሆነ ነገር አለህ አንተ» አለና ግራጌታ ከእጄ ሲበላ ቆሞ አየ። «ማሻ አላህ፣ እንደ ሰው አምነውሃል» አለ።

ሚያዝያ 8፣ ቅዳም ስዑር

እምቢተኛዋ አንድ ፍርፋሪ ወሰደች። ተፋችው። እንደገና ወሰደች። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጎተጎትኳትም። ሦስተኛውን ዋጠች።

ሚያዝያ 9፣ ፋሲካ

እንኳን አደረሰህ የሚለኝ ጎረቤት አልመጣም። ሌላ ዓመት ይህን ሰዓት ቤቴ መቀመጫ አይበቃውም ነበር። ቄደሬ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ሚስተር ሊንድ ሐሙስ ይገባል፤ ስድስቱም ከእጅ ይበላሉ ብዬ አሳየዋለሁ። አዲስ አበባ ስሄድ ማንን ላስከትል እንደምችል እጠይቀዋለሁ።

ሦስት ሆነን ሞሰብ ቀረብን። ባንቺአየሁ አሁንም ትኮርፈኛለች፤ ወጡን ስታወጣ ግን ፈረሰኛውን ለእኔ አኖረች። እኔ ወደ ትርንጎ በኩል ገፋሁት። ፈረሰኛ የአባወራ ነው፣ ሴት ልጅ አትነካውም፤ ባንቺአየሁ አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። ትርንጎ አየችኝ። ብይ አላልኳትም። ወደ ግድግዳው ዞር ብዬ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርኩ።

ፊቴን ስመልስ አጥንቱ ብቻ ነበር። እንጀራ ጨምሪልኝ እናቴ አለች፣ ሁለት ጊዜ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ ሄጄ ደብተሩን ከፊት በኩል ገለጥኩና የዛሬውን ሞላሁ። ግራጌታ በላ፣ ሌሎቹ አራቱ በሉ፣ እምቢተኛዋ በላች። ከእነሱ በታች አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ትርንጎ፣ በላች። ሚስተር ሊንድ እንደሆነ አማርኛ አያነብም።